የበረሃ አበባ በዝናብ አገር፦ ጅማ ግቢ ውስጥ ሬት፣ የእሾህ አክሊልና የበረሃ ጽጌረዳ ማሳደግ

ጅማ ላይ ተክል ማብቀል ችግር ሆኖ አያውቅም። ለአጥር የተከሉት እንጨት ሳይቀር ቅጠል ያወጣል። ይህ ለምነት ያስለመደን እጅ ግን የበረሃ ተክል ሲደርሰው ገዳይ ይሆናል። በግንዱና በቅጠሉ ውኃ የሚቋጥር ተክል የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ እንደ ጎመን ጠዋት ማታ ያጠጣዋል፤ ከቡና ሥር ጥቁር አፈር ዝቆ ይተክልለታል፤ ክረምቱን ደጅ ያስመታዋል። መስከረም ሲጠባ ግንዱ በጣት ሲጫን ይሰረጉዳል፤ ከዚያ «የጅማ አየር አልተስማማውም» ተብሎ ይጣላል። አየሩስ ይስማማዋል፤ የማይስማማው ጭቃው ነው።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት የምታገኘው ዝናብም 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ድሬዳዋ የዚህን ግማሽ እንኳ አታገኝም። የበረሃ ጽጌረዳ በተፈጥሮ የሚበቅልበት የኦጋዴን ቆላ ደግሞ ከድሬዳዋም የደረቀ ነው። በሌላ በኩል ከተማችን ውስጥ ውርጭ ብርቅ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ የቀኑ ፀሐይም በቂ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመጣል፤ ዝናቡን ከተክሉ ላይ ማስቀረት፣ የደረሰውንም ውኃ በፍጥነት ከሥሩ ማሸሽ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

የትኛውን ልትከል?

ጀማሪ ከሆኑ በሬት ይጀምሩ። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ከ40 በላይ የሬት ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በብዙዎቹ ላይ ጥናት ያደረጉት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ሁሉም የበረሃ አይደሉም፤ ብዙዎቹ በወይና ደጋና በደጋ ገደላገደል ላይ የለመዱ ስለሆኑ የእኛን ብርድም ሆነ ዝናብ ከሌሎቹ የተሻለ ይችላሉ። አበባቸው ከቅጠሉ መሀል ቀጥ ብሎ በሚወጣ ዘንግ ላይ ነው፤ ቀይ፣ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ ይሆናል፤ የአበባ ማር የሚቀስሙ ትንንሽ ወፎችንም ይጠራል። ለቁስልና ለፀጉር የሚሸጠው ለስላሳው ሬት አበባ የሚሰጠው ሲጎለምስ ብቻ ስለሆነ፣ አበባ ፈልገው ከሆነ የአገር ውስጦቹን ያስቀድሙ። ግን ከገደል ነቅለው አያምጡ፤ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ካለው ተክል ሥር የሚፈለፈሉት ልጆች ይበቃሉ።

ሁለተኛው የእሾህ አክሊል ነው። ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። እሾሃማ ግንድና ሞላላ ቅጠል አለው፤ ጫፉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚወጡ ቀይ፣ ሮዝ ወይም ነጣ ያሉ አበባ መሰል ነገሮች ይታያሉ። እነዚያ ባለ ቀለሞቹ አበባ ሳይሆኑ ቀለም የያዙ ቅጠሎች ናቸው፤ እውነተኞቹ አበቦች መሀላቸው ያሉት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ናቸው። ለዚህም ነው ለሳምንታት ሳይረግፉ የሚቆዩት። ፀሐይ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ያብባል፤ የቁልቋልና የቅንጭብ ዘመድ በመሆኑ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል።

ሦስተኛው ካላንኮዬ ነው፤ አበባ ሻጮች በትንንሽ ሸክላ ይዘውት የሚቀርቡት፣ ሥጋማ ቅጠል ያለው፣ አበባው በእቅፍ በእቅፍ የሚፈነዳው። እሱም የማዳጋስካር ተወላጅ ነው። የእኛው እንዳሁላ የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ ግቢዎ ውስጥ እንዳሁላ ካለ ተመሳሳይ አያያዝ ይበቃዋል።

የመጨረሻው የበረሃ ጽጌረዳ ነው። ግንዱ ከሥሩ ያበጠ ነው፤ አበባው እንደ መለከት የተከፈተ፣ ከነጭ እስከ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። አገራችን ውስጥ በምሥራቅና በደቡብ ቆላዎች ይበቅላል። ጅማ ላይ ከአራቱ አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ሙቀት ይፈልጋል፣ እኛ ጋ ደግሞ ዝናቡና ደመናው የሚበዛው ቅዝቃዜ ባለበት ጊዜ ነው። ሬቱ ሳይሞትብዎት ሁለት ክረምት ከተሻገረ በኋላ ይግዙት።

በለስ መሬት ላይ እንዲተክሉ አልመክርም። አበባው ያምራል፣ ፍሬውም ይበላል፤ ነገር ግን የወደቀ ቅንጣቢው ሁሉ ሥር ይሰዳል። የበለስ ወገን የሆኑ ተክሎች በራያና በቦረና ምን ያህል መሬት እንደያዙ የሚያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ በሸክላ ብቻ ይይዘዋል።

ቦታ መምረጥ

ማንኛውም አበባ የሚሰጥ የበረሃ ተክል በቀን ቢያንስ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ጅማ ግቢ ውስጥ ይህን ማግኘት የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም፤ አቮካዶው፣ ማንጎው፣ የጎረቤት ግራቪሊያ ሁሉም ጥላቸውን ይዘረጋሉ። ከዛፍ ሥር መትከል ጥላ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ቅጠሉ ለሰዓታት ያንጠባጥባል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሪው ጊዜ ወደ ደቡብ። ስለዚህ በታኅሣሥ ፀሐይ የሚጠግበው ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ በሐምሌ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ጥላ ይሆናል። በታኅሣሥ ብቻ አይተው ቦታ የመረጡ ሰዎች ክረምት ላይ ተክላቸው ቀጥኖ የሚረዝምባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የተሻለው ወደ ምሥራቅ የሚያይ ግድግዳ ነው። የጠዋት ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ያገኘዋል፤ በክረምትም ቢሆን ዝናባችን ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ከረፋዱ በፊት ያለው ብርሃን ዋጋ አለው። ግድግዳው ደግሞ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል።

ሰፈርም ይለያያል። በጂሬን ተዳፋት ላይ ያለ ግቢ ውኃው በራሱ ይወርዳል፤ ቀዝቃዛ አየርም አይተኛበትም። በአዌቱ ዳርና በቦዬ በኩል ያለው ረባዳ ግን መሬቱ ለረጅም ጊዜ እንደረጠበ ይቆያል፤ በታኅሣሥ ሌሊቶችም ጉምና ቅዝቃዜ ይተኛበታል። እዚያ የሚኖሩ ከሆነ መሬት ላይ መትከልን ይርሱት፤ ሁሉንም በሸክላ፣ ሸክላውንም በድንጋይ ወይም በመደርደሪያ ላይ ያድርጉት።

ጣሪያ

ከሁሉም በላይ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ይህ ነው። አፈሩ የፈለገውን ያህል ቢሻክር፣ ለሦስት ወር በየቀኑ የሚወርድ ዝናብ ያሸንፈዋል።

ቀላሉ መንገድ የቤቱን ክፈፍ መጠቀም ነው። ክፈፉ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ከወጣ በግድግዳው ሥር አንድ ረድፍ ሸክላ ይይዛል። አሸንዳ ከሌለው ግን ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ ተክሎቹ ፊት ለፊት እየወደቀ ጭቃ ይረጫል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አሸንዳ።

ሰፋ ያለ ቦታ ከፈለጉ ዳስ ይሥሩ፦

አራት የባሕር ዛፍ አጠና ይትከሉ፤ የኋላዎቹ 2 ሜትር ከ20፣ የፊቶቹ 1 ሜትር ከ80 ይሁኑ። መሬት ውስጥ የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ይቀቡት፤ አለበለዚያ ምስጥ በልቶት ይወድቃል።

ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ይምቱበት። ውድ ከሆነ ለአበባ እርሻ የሚሠራውን ወፍራም ላስቲክ ይጠቀሙ። ተራው የዕቃ መሸፈኛ ላስቲክ በፀሐይ ይሰባበራል፤ አንድ ክረምት ሳይጨርስ ቁርጥራጩ ግቢውን ይሞላል።

ጎኖቹን አይዝጉ። አየር ያልገባበት እርጥብ ዳስ የሻጋታ ቤት ነው። በዚያው ልክ ግን ወጨፎ አለ፤ ጣሪያው ከመደቡ ጠርዝ በየአቅጣጫው ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ ንፋስ በሚመጣበት በኩል ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ተርፎ ይውጣ።

ዳሱ ከሚያዝያ በፊት ይጠናቀቅ። የእኛ አገር ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ጀምሮ ይሞካክራል። ሰኔ ላይ ፕላስቲኩን በሳሙና ውኃ ይጠቡት፤ አቧራና አረንጓዴ ሽበት የያዘ ጣሪያ ያለችውን ጥቂት የክረምት ብርሃን ይወስዳል።

መደብ

ቀይ አፈራችን ሸክላነት ያለው ነው፤ ውኃ ይይዛል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ጉድጓድ ቆፍሮ አሸዋ መሙላት ነው። ይህ ከምንም ይብሳል። ዙሪያው ቀይ አፈር ስለሆነ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፤ የግቢው ውኃ ሁሉ ወደዚያ ይገባል፣ ተክሉም እዚያ ውስጥ ይቆማል።

ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ይሥሩ። መሬቱን በቆፈራ ብቻ ያላሉት፤ ወደ አንድ ጎን እንዲያዘነብል ያድርጉት። ዙሪያውን ድንጋይ ይደርድሩ፤ በሲሚንቶ አይጠርቁት፤ በድንጋዮቹ መሀል ውኃ መውጣት አለበት። ከፍታው ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከላይ በኩል፣ ከግቢው የሚወርደው ጎርፍ እንዳይገባ አንድ ቦይ ይቅደዱ።

አፈሩን ማዘጋጀት

የሚሠራ ቅይጥ ይህ ነው፦ ሁለት እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ ሁለት እጅ 00 ጠጠር (ለግንባታ የሚሸጠው ደቃቅ ጠጠር)፣ አንድ እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ ፈጽሞ የበሰበሰ ብስባሽ። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር ካገኙ በ00 ጠጠሩ ቦታ ያስገቡት፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ አየር ይይዛል፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ለበረሃ ጽጌረዳ አፈሩን ሙሉ በሙሉ ያስቀሩት፤ አሸዋ፣ ጠጠርና ጥቂት ብስባሽ ይበቃዋል። ከሰል ቤት ውስጥ የሚተርፈው ፍርካሽ ተነፍቶ ቢጨመር ጥሩ ነው፤ አመዱ ግን አይብዛ።

አሸዋው ላይ አይቸኩሉ። ለግንባታ የሚመጣው አሸዋ ብዙ ጊዜ ደለል አለው። በጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከላይ ውኃ ይሙሉና ይናጡት፤ አስቀምጠው ሲመለሱ ከአሸዋው ላይ የጭቃ ንጣፍ ከተኛ ሊታጠብ ይገባዋል። በባልዲ ውኃ እያገላበጡ፣ የሚፈሰው ውኃ እስኪጠራ ይጠቡት። 00 ጠጠሩንም በወንፊት ነፍተው ዱቄቱን ይጣሉ፤ ዱቄቱ ከሸክላው ሥር ተቀምጦ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል።

አሁን ስለ ቡና ገለባ። ጅማ ሆኖ ይህን አለማንሳት አይቻልም፤ መፈልፈያው አጠገብ ተራራ ሆኖ ሲታይ ማንም ሰው «ለተክል ይሆናል» ብሎ ይጓጓል። ለተክል ይሆናል፤ ለእነዚህ ግን ትኩሱ አይሆንም። ትኩስ ገለባ ውስጥ ያሉት ካፌይንና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ለጋ ሥርን ይጎዳሉ፤ ሲበሰብስ ይግላል፤ ከበሰበሰ በኋላም እርጥበት አጥብቆ ይይዛል። ከሌላ ቅጠላ ቅጠል ጋር ተከምሮ፣ እየተገላበጠ ጠቁሮና ፈርፍሮ ገለባነቱ እስኪጠፋ ድረስ ከቆየ በኋላ፣ በዚያ አንድ እጅ ብስባሽ ውስጥ ቢቀላቀል አይከፋም። ከዚያ በላይ አይለፉ። በቡናዎ ሥር ቢያፈሱት የበለጠ ያተርፋሉ።

ቅይጡ ደህና መሆኑን ለማወቅ ሸክላ ውስጥ ሞልተው አንድ ብርጭቆ ውኃ ያፍስሱበት። ከላይ ሳይቋጥር ወዲያው መስመጥ፣ ብዙም ሳይቆይ ከሥር መንጠባጠብ አለበት። ከላይ ኩሬ ሠርቶ ከቆመ ጠጠር ይጨምሩ።

ሸክላው

ያልተቀባ፣ በአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች የተሠራ ሸክላ ከፕላስቲክ ይሻላል፤ ግድግዳው ስለሚተነፍስ እርጥበቱ በጎንም ይወጣል። ሲሠሩልዎ ከታች ሦስት ቀዳዳ እንዲያበጁለት ይንገሩ፤ ከተቃጠለ በኋላ መብሳት ብዙ ጊዜ ይሰነጥቀዋል። የቀለም ባልዲና የተቆረጠ ጄሪካንም ያገለግላሉ፤ ትኩስ ሚስማር ይዘው ከሥር ብቻ ሳይሆን ከጎንም፣ ከሥሩ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይብሷቸው።

ከሸክላው ሥር የገል ወይም የጠጠር ንጣፍ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ አልደግፈውም። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሰፋፊ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ ፈጽሞ እስኪጠግብ ከጠጠሩ በላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ንጣፉ እርጥቡን ክፍል ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል እንጂ አያርቀውም። ቀዳዳውን አፈር እንዳያመልጥ አንዲት ገል ጣል አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቅይጥ ይሙሉ።

የሸክላው መጠን ከሥሩ ጥቂት የሚሰፋ ብቻ ይሁን። ትልቅ ሸክላ ውስጥ ያለ ትንሽ ተክል በማይጠጣው ውኃ ይከበባል፤ አበባ ለመስጠትም ይዘገያል።

ማባዛትና መትከል

ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ የተቆረጠ ቁስል በፍጥነት የሚደርቀው ያኔ ነው። በሐምሌ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከመብቀሉ በፊት ይሻግታል።

ሬት ሲሆን፣ ከእናትየው ሥር የወጣውን ልጅ ቢያንስ አንድ ስንዝር ሲደርስ አፈሩን ገለጥ አድርገው ከነሥሩ በቢላዋ ይለዩት። ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ያቆዩትና ይትከሉ። ከተተከለ በኋላ ለአንድ ሳምንት አያጠጡት። ብዙ ሰው የሚሳነው ይህ ነው፤ አዲስ ተክል ካልጠጣ የሚሞት ይመስለዋል። እነዚህ የያዙት ውኃ ይበቃቸዋል፤ የተጎዳው ሥር ግን እስኪድን ደረቅ ይፈልጋል።

የእሾህ አክሊል ሲሆን፣ ከጫፍ በኩል የአንድ እጅ ጣት ያህል ርዝመት ያለው ቅርንጫፍ ይቁረጡ። ወተቱ እስኪቆም ጫፉን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ያቆዩት፤ ከዚያ ቁስሉ ደርቆ እስኪጠነክር፣ አንድ ሳምንት ያህል፣ ጥላ ላይ ያስቀምጡት። ሁለት ጣት ያህል ከቀበሩት ይበቃል።

ካላንኮዬ ከሁሉ ይቀላል፤ ያላበበ ቅርንጫፍ ተቆርጦ አንድ ቀን አድሮ ይተከላል።

የበረሃ ጽጌረዳ በቅርንጫፍም ይይዛል፤ ነገር ግን ያ ያበጠ ግንድ በሚገባ የሚወጣው ከዘር ሲነሳ ነው። ዘሩ እንደ ጥንድ ቀንድ በሚወጣ ፍሬ ውስጥ ይገኛል፤ ፍሬው ሲበስል ይሰነጠቅና ሐር መሰል ክንፍ ያላቸው ዘሮች በንፋስ ይበናሉ። ስለዚህ ቀንዱ መገርጣት ሲጀምር በክር ይሰሩት። ትኩሱን ዘር የካቲት ወይም መጋቢት ላይ፣ የዓመቱ ሞቃት ወራት ስለሆኑ፣ አሸዋ በበዛበት ቅይጥ ላይ አጋድመው ስስ አሸዋ ያልብሱት። ሙቀት ካገኘ በአንድ ሳምንት አካባቢ ብቅ ይላል። ችግኙ የመጀመሪያውን ክረምት ከጣሪያ ሥር ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ቢያሳልፍ ይሻላል። የመጀመሪያ አበባውን በጅማ ሙቀት ለማየት ሁለት ዓመት መታገሥ ያስፈልጋል።

ውኃ ማጠጣት

በቀን መቁጠሪያ አያጠጡ። የደረቀ ስንጥር አፈሩ ውስጥ እስከ ሸክላው ወገብ ይስደዱ፤ አፈር ተጣብቆበት ወይም ረጥቦ ከወጣ አያጠጡ። ደርቆ ከወጣ በደንብ፣ ከሥር እስኪፈስ ያጠጡና እንደገና እስኪደርቅ ይተዉት። በየቀኑ አንድ ሲኒ ጠብ ማድረግ ላዩን ብቻ ያረጥባል፤ ተክሉም ሥሩን ወደ ላይ ያመጣል።

ለመነሻ ያህል፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ሸክላ ውስጥ ያለ ሬትና የእሾህ አክሊል በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አንዴ፤ መደብ ላይ ያለ ሬት በሁለት ሳምንት አንዴ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ በጣሪያ ሥር ላሉት በሦስት ሳምንት አንዴ እንኳ ይበዛ ይሆናል፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፣ ሸክላው አይደርቅም።

የበረሃ ጽጌረዳ የራሱ ሕግ አለው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ አንዳንዴ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅጠሉን ያራግፋል። አልሞተም፤ ተኝቷል። በዚያን ጊዜ ቅጠል የለውምና ውኃ አይጠጣም፤ ከሰጡት ይበሰብሳል። ግንዱን ይጫኑት፤ ጠንካራ ከሆነ ይተዉት። የካቲት መሀል ላይ አዲስ ቡቃያ ሲያዩ ማጠጣት ይጀምሩ፤ ከዚያ እስከ ግንቦት፣ ፀሐዩ እስካለ ድረስ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ይጠጣል።

ማዳበሪያን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። ዩሪያ አይስጡ፤ ቅጠሉን አለስልሶ ለመበስበስ ያዘጋጀዋል፣ አበባም ያስቀራል። በዓመት አንዴ፣ የካቲት ላይ፣ ከላይ ያለውን ሁለት ጣት አፈር አንስቶ በአዲስ ብስባሽ መተካት ለአራቱም ይበቃል።

አላብብ ሲል

ለምለም ሆኖ የማያብብ ተክል ካለዎት በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ጎድሎታል፤ ፀሐይ፣ የደረቅ ዕረፍት፣ ወይም ረጅም ሌሊት።

የመጨረሻው የካላንኮዬ ጉዳይ ነው። ይህ ተክል አበባ የሚቋጥረው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ጅማ ላይ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሌሊቱ ከቀኑ መርዘም ይጀምራል፤ በተፈጥሮው ቢተው በታኅሣሥና በጥር ማበብ ይችላል። ነገር ግን ሰው በረንዳ ላይ ያስቀምጠዋል፣ በረንዳው ላይ ደግሞ አምፖሉ እስከ እኩለ ሌሊት ይበራል፤ ለተክሉ ቀኑ አልመሸም ማለት ነው። ከጥቅምት መጀመሪያ አንስቶ አምፖል ወደማይደርስበት ጥግ ያዛውሩት። ይህ ካልተቻለ ለስድስት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ካርቶን ይድፉበት፤ በተረፈው ጊዜ ፀሐይ ላይ ይሁን። ልጆች ላሉበት ቤት ካርቶን የመድፋቱን ሥራ ለእነሱ መስጠት ይቻላል፤ ከእኛ ይልቅ አይረሱም።

የበረሃ ጽጌረዳ የሚያብበው በአዲስ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስለሆነ የካቲት ላይ ረጃጅሞቹን ቅርንጫፎች በሢሶ ያሳጥሯቸው፤ ከአንድ ጫፍ ሁለት ሦስት ይወጣል። የእሾህ አክሊልም መከርከም ይወዳል። ሬት ግን አይከረከምም፤ አበባው ጨርሶ ዘንጉ ሲደርቅ ብቻ ከሥሩ ይቆረጣል። ሬት አላብብ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ልጆቹ በዝተው ተጨናንቀዋል፣ ወይም ገና ልጅ ነው።

ሲታመም

መበስበስ ቀድሞ የሚታየው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ይለሰልሳል፣ ይሸታል። ያን ዕለት ይንቀሉት። የለሰለሰውን በአልኮል በተጠረገ ቢላዋ ንጹሕ ሥጋ እስኪታይ ድረስ ይቁረጡ፤ ቡናማ ነጥብ ከቀረ ይደግሙ። የከሰል ዱቄት ቀብተው ለአንድ ሁለት ሳምንት አየር ባለበት ጥላ ያድርቁት፤ ከዚያ በአዲስ ቅይጥ ይትከሉት። አሮጌውን አፈር መልሰው አይጠቀሙበት።

በቅጠሉ ጉያ የሚታየው ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ተባይ ነው፤ የተክሉን ጭማቂ ይመጥጣል። በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጥረጉት። ጉንዳን እየተመላለሰ ካዩ እሱንም ያባርሩ፤ የተባዩን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ ይጠብቀዋል። በክረምት ቀንድ አውጣ አለ፤ ማታ በባትሪ እየፈለጉ ከመልቀም የሚሻል ነገር የለም። አመድ መነስነስ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ ይሠራል።

ተክሉ ቀጥኖ፣ ገርጥቶ፣ በቅጠሎቹ መሀል ያለው ርቀት ከሰፋ በሽታ አይደለም፤ ብርሃን አጥቷል። ወደ ፀሐይ ሲያወጡት ግን በአንድ ቀን አይሁን። የደመናውን ወራት ያሳለፈ ሬት መስከረም ላይ በድንገት ለቀትር ፀሐይ ቢጋለጥ ይቃጠላል፤ ጠባሳውም አይጠፋም። በመጀመሪያው ሳምንት የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ከዚያ እየጨመሩ ይሂዱ።

ወተቱና መርዙ

የእሾህ አክሊል ወተት ቆዳ ያሳክካል፤ ዓይን ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ሲከረክሙ የእጅ ጓንት ያድርጉ፤ ዓይንዎን አይሹ። ከገባ በብዙ ንጹሕ ውኃ ለረጅም ጊዜ እየታጠቡ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የበረሃ ጽጌረዳ ጭማቂ ደግሞ በአፍሪካ አንዳንድ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡት መርዝ ነው፤ ልብን ያውካል። ካላንኮዬም ለከብት እንዲሁ መርዛማ ነው፤ በተለይ አበባው። ጓሮዎ ውስጥ በግ ወይም ጥጃ ካሰሩ፣ የከረከሙትን ቅርንጫፍ ከሣር ጋር ቀላቅለው አይጣሉላቸው፤ ከብስባሹ ክምርም ያርቁት፣ ደርቆም ቢሆን መርዙ አይለቀውም። ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት፤ የእሾህ አክሊልና የካላንኮዬው ቁራጭ ግን ከመቀበሩ በፊት ፀሐይ ላይ ፈጽሞ ይድረቅ፤ እርጥቡን ከቀበሩት ከዚያው ይበቅላል።